ማን ነው የሚያማልለው? ከአራት አሮጌ የኖይር ፊልሞች ለእናንተ የሚስማማውን ለመምረጥ

«ቆይ፣ እሷ መቼ ነው ያማለለችው?» አለችኝ እህቴ።

«ዲቱር» የተባለውን የ1945 ፊልም አብረን አይተን ገና መጨረሳችን ነበር። እኔ ስለ ሴትዮዋ ክፋት ማውራት ጀምሬያለሁ፤ እህቴ ግን ጣቷን እያጠፈች ትጠይቀኛለች። «ነይ ግቢ» ብሎ መኪናው ውስጥ ያስገባት ማን ነው? የሟች ልብስ ለብሶ፣ የሟች ገንዘብ በኪሱ ይዞ የሚነዳው ማን ነው? ታሪኩንስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚተርክልን ማን ነው? «ሰውየው ያማለለው እኛን ነው» አለች። መልስ አላገኘሁላትም። በማግሥቱ ብቻዬን ደግሜ አየሁት፤ እውነቷን ነበር።

ስለ እነዚህ በጥቁርና ነጭ የተቀረጹ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ የማማለልና የወንጀል ፊልሞች ሰዎች ሲያወሩ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ስለ አንድ ፊልም አንዱ «ዕንቁ ነው» ሲል ሌላው «ምሽቴን አበላሸብኝ» ይላል። ሁለቱም አይዋሹም። ልዩነቱ ከፊልሙ ጥራት ይልቅ ተመልካቹ ይዞት ከመጣው ተስፋ የሚነሣ ይመስለኛል። ፖስተሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሲጋራ የያዘች ሴት፣ ባርኔጣ የደፋ ወንድ፣ አንድ ሽጉጥ። ውስጣቸው ያለው የማማለል ታሪክ ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ከመምረጣችሁ በፊት እንድትጠይቁ የምፈልገው ጥያቄ የእህቴ ጥያቄ ነው፦ እዚህ ፊልም ውስጥ የሚያማልለው ማን ነው? የሚማለለውስ?

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከአንድ በላይ ቃል ስላለው ሥራችን ይቀላል። ልብን በውበትና በአንደበት መሳብ ማማለል ነው። ወጥመዱ አስቀድሞ ተዘርግቶ ሰውየው በራሱ እግር ሲገባበት ማጥመድ ነው። እውነት መስሎ መንገድ ማስለቀቅ ማሳሳት ነው። ነገሩ ራሱ፣ ብሩ፣ ፀጉሩ፣ ቤቱ ዓይን ሲስብ ደግሞ ያስጎመጃል እንላለን። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው አራት ፊልሞች በአንድ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጡም እያንዳንዳቸው ከእነዚህ ቃላት አንዱን ነው የያዙት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የፊልሞቹንም መጨረሻ አልነግራችሁም።

የገንዘብ ማነስ ያመጣው ነገር

«ኖይር» በፈረንሳይኛ ጥቁር ማለት ነው። ስሙን በ1946 የሰጠው ኒኖ ፍራንክ የተባለ በፈረንሳይ ይሠራ የነበረ ሐያሲ ነው፤ ጦርነቱ አብቅቶ የአሜሪካ ፊልሞች ፓሪስ ሲገቡ ጨለማቸውን አይቶ። ሠሪዎቹ ራሳቸው ያንን ስም አያውቁትም ነበር። እነሱ የሚሠሩት የወንጀል ፊልም ነው፤ አንዳንዶቹም የሚሠሩት ሁለተኛ ፊልም ነው።

ሁለተኛ ፊልም ማለት እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳዩ ነበር። የመጀመሪያው ስመ ጥር ተዋንያን ያሉበት ሲሆን ሁለተኛው ፕሮግራሙን መሙያ ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ለሁለተኛው የሚከፍሉት ቁርጥ ኪራይ ስለነበረ ፊልሙ ቢወደድም ባይወደድም ገቢው ያው ነው። ገቢው አስቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ወጪው ከዚያ በታች መሆን አለበት። ጥቂት ቀን፣ ጥቂት ተዋናይ፣ ጥቂት ክፍል። ይሁን እንጂ ድህነቱ አንድ ነጻነት ይሰጥ ነበር፤ ትልቅ ገንዘብ ያልፈሰሰበትን ሥራ በየቀኑ እየመጣ የሚያርም አለቃ የለም።

ሌላም ማወቅ የሚጠቅም ነገር አለ። ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ በጥብቅ የሥነ ምግባር ደንብ ይመራ ነበር። ሥጋዊ ፍቅር በግልጽ አይታይም፤ ወንጀለኛም ሳይቀጣ አያመልጥም። «ስለ ማማለል ነው ተብዬ አንድ መሳሳም እንኳ በቅጡ አላየሁም» የሚሉ ተመልካቾች ቅሬታቸው የሚነሣው ከዚህ ነው። ማማለሉ ያለው በድምፅ፣ በዝምታ፣ ክብሪት ሲጫር በሚታይ ፊት ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ የገቡ ሰዎች ፊልሙን ባዶ አድርገው ያዩታል። አንዳንድ መጨረሻዎችም የተለጠፉ የሚመስሉት ደንቡ ቅጣት ስለሚጠይቅ ነው።

«ዲቱር»፦ የሚያሳስተው ተራኪው ነው

ርዝመቱ 68 ደቂቃ ብቻ ነው። የተሠራው ፒ. አር. ሲ. በሚባል፣ የድሆቹ ረድፍ እየተባለ ከሚጠራው የሆሊውድ ጓሮ በነበረ ትንሽ ድርጅት ነው። ዳይሬክተሩ ኤድጋር ኡልመር በስድስት ቀን ቀረጽኩት ይል ነበር፤ በኋላ የወጡ መዛግብት ግን ከዚያ የረዘመ ጊዜ እንደወሰደና ወጪው 100 ሺህ ዶላርን ጥቂት እንዳለፈ ያሳያሉ። ያም ቢሆን ከአንድ ዓመት በፊት ቢሊ ዋይልደር በዚሁ የማማለልና የግድያ ጉዳይ ላይ «ደብል ኢንደምኒቲ»ን ሲሠራ ፓራማውንት ያወጣለት ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ነው። ይህን ያነሣሁት ሁለቱ ሰዎች የወጣትነት የሙያ ጓደኞች ስለነበሩ ነው። በ1930 በርሊን ውስጥ «ሰዎች በእሁድ ቀን» የተባለውን ፊልም አብረው ሠርተዋል፤ ዋይልደር በጽሑፉ፣ ኡልመር በዝግጅቱ። ዋይልደር ትልቁ ስቱዲዮ ደረሰ። ኡልመር የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ መሥራች ዘመድ አግብቷት የነበረችውን ሸርሊን ወደደ፤ የትልልቆቹ በር ተዘጋበት። አገባት፤ እድሜዋን ሁሉ ከጎኑ ሆና የፊልሞቹን ጽሑፍ ቀረጻው ላይ ስትከታተልለት ኖረች። ፍቅር ሰውን ከመንገዱ የሚያወጣ ኃይል መሆኑን ኡልመር ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። አል የሚባል የኒው ዮርክ ፒያኖ ተጫዋች ወደ ሆሊውድ የሄደች ፍቅረኛውን ፍለጋ በየመንገዱ መኪና እየለመነ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። የጫነው ሰው በዝናብ ሌሊት መኪና ውስጥ ይሞታል። አል «እኔ አልገደልኩትም፤ ግን ማን ያምነኛል?» ብሎ ሬሳውን ይደብቅና መኪናውን፣ ልብሱን፣ ስሙን ወስዶ ይሄዳል። በማግሥቱ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ቆማ የነበረችን ሴት ያሳፍራል። ቬራ ናት። ጥቂት ታንቀላፋለች። ከዚያ ድንገት ትነቃና ፊቷን ወደ እሱ አዙራ የመኪናውን ባለቤት ሬሳ የት እንደጣለው ትጠይቀዋለች።

ይህችን ትዕይንት ቀርባችሁ ተመልከቷት። አን ሳቬጅ የተባለችው ተዋናይት ፀጉሯ ቅባትና አቧራ የያዘው ይመስላል፤ ጉንጯ ላይ ውበት ለማሳየት የተቀባ ምንም የለም። ዓይኗ አይርገበገብም። ከሟቹ ጋር እሷም ቀደም ብላ ተጉዛለች፤ የሟቹ እጅ ላይ አስቀድመን ያየነው የጥፍር ጭረት የእሷ ነው። ያ ጭረት ብቻ ስንት ነገር ይናገራል! አል የሚያየው የአንዲት ክፉ ሴት ምልክት አድርጎ ነው። እህቴ ግን ያየችው መኪና ውስጥ ከማታውቀው ሰው እጅ ራሷን ያስጣለች ሴት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ግንኙነት ማማለል አይደለም፤ ማስፈራራት ነው። ቬራ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በተከራዩት ክፍል ውስጥ፣ እጇን ትከሻው ላይ አድርጋ ልትቀርበው ትሞክራለች። እሱ ይርቃታል። «አማላይ ሴት ያለችበት ፊልም ነው ብላችሁኝ ይህቺ ምኗ ያማልላል?» የሚሉ ተመልካቾች ትክክል ናቸው። ያንን ፈልገው ከሆነ ሌላ ፊልም መምረጥ ነበረባቸው። ይህን ፊልም የሚወዱት ደግሞ ሌላ ነገር አግኝተውበታል፤ የአልን ድምፅ ማመን እንደሌለባቸው ቀስ በቀስ መረዳትን። ሰውየው ስለ እያንዳንዱ መጥፎ ሥራው ዕድሉን ይከስሳል። ሬሳውን የደበቀው ዕድል፣ ገንዘቡን የወሰደው ዕድል፣ ቬራን ያሳፈረው ዕድል። አንድ ጊዜ ዕድል ነው ቢሉት ያስኬዳል። አራተኛው ላይ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ ቀና ይላል።

ስለ ድህነቱስ? ሐያሲው ሮጀር ኤበርት ይህን ፊልም ከታላላቆቹ ተርታ ሲያስገባው፣ እንከኖቹ በፊልም ትምህርት ቤት የማለፊያ ውጤት እንደማያሰጡት ጽፏል። እንከኑ እውነት አለ። አል መንገድ ዳር ሲለምን የሚታዩት መኪናዎች በግራ በኩል ይነዳሉ፤ ሾፌሩም በቀኝ ነው የተቀመጠው። ፊልሙ ተገልብጦ ነው፤ ሰውየው በስክሪኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ማለትም በካርታ ላይ ወደ ምዕራብ፣ እንዲሄድ ተፈልጎ። የኒው ዮርክ ጎዳናም የለም። ጭጋግ፣ መብራትና የመንገድ ስም የተጻፈበት ምሰሶ ብቻ። ግን በዚያ ጭጋግ ውስጥ ሁለቱ ፍቅረኞች ሲሄዱ የሚገቡበትን አያዩም፤ እኛም አናይም። ከዚያ በላይ የኒው ዮርክ ሕንፃ ቢገነባ የሚጨምረው ነገር አይታየኝም። ከሁሉም የምወዳት ግን የምግብ ቤቷ ቅጽበት ናት። አል ቡናው ፊት ተቀምጦ ሳለ ቤቱ ይጨልማል፤ ዓይኖቹ ላይ ብቻ አንድ ዘለላ ብርሃን ይቀራል፤ ስኒው ስክሪኑን ሞልቶ እንደ ጉድጓድ አፉን ይከፍታል። አንድ አምፖልና አንድ ትልቅ ስኒ ናቸው። ሰውየው ወደ ትዝታው ሲወድቅ አየሁት።

ምርጫዬን ካላችሁኝ ከአራቱ የማስቀድመው ይህን ነው፤ በአንድ ሁኔታ። ውብ ሴት፣ የተዋበ ክፍል፣ የሚያቀልጥ አነጋገር ፈልጋችሁ ከሆነ አታስቀድሙት።

ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ድህነት

«ቱ ሌት ፎር ቲርስ» (1949) እና «ዲኮይ» (1946) ሲወዳደሩ ነው የሚጥሙት። በሁለቱም መሃል ላይ ያለችው ሴት ናት፤ በሁለቱም ገንዘብ አለ፤ በሁለቱም ሰው ይሞታል። ብዙ ተመልካች «ስግብግብ ሴት» ብሎ አንድ ላይ ይጠቀልላቸዋል። እኔ ግን እነዚህን ሁለት ሴቶች የሚለያቸው የመጡበት ድህነት ነው እላለሁ፤ የትኛውን እንደምትወዱ የሚወስነውም ያው ነው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይጀምራል። ጄን ፓልመርና ባሏ በሌሊት ከሎስ አንጀለስ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በመኪና ወደ ግብዣ ይሄዳሉ። ጄን መሄድ አትፈልግም፤ የጋባዡ ሚስት አልማዟን አድርጋ ዝቅ አድርጋ እንድታያት አትፈልግም። ተመለስ እያለች ስትታገለው የመኪናው መብራት ይጠፋና ይበራል። ለእነሱ ያልታሰበ ምልክት ነበር። በተቃራኒ የመጣ መኪና በቅርባቸው ሲያልፍ ቦርሳ ይወረውርላቸዋል፤ በውስጡ 60 ሺህ ዶላር። የቦርሳው እውነተኛ ተቀባይ ሲከተላቸው መሪውን ይዛ የምታስመልጠው ጄን ናት። ባሏ ለፖሊስ እንስጥ ይላል። እሷ ትንሽ እናቆየው ትላለች።

እዚህ ላይ የሚያማልለው ገንዘቡ ነው፤ የተማለለችውም ሴትዮዋ። ሊዛቤት ስኮት የተባለችው ተዋናይት በጎርናና ድምፅዋ ለባሏ የምትነግረውን አድምጡ፤ ያደገችው ጦሟን አይደለም፤ ቢሮ የሚሠሩ ሰዎች ልጅ ናት፤ ግን ከጎረቤት እኩል መሆን አቅቷቸው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ከሚሞቱት። ይህን የሰማሁ ጊዜ ለጄን ያለኝ አመለካከት ተለወጠ። ረሃብ ሰውን ምን እንደሚያደርገው ሁላችንም እናውቃለን። የጎረቤት መጋረጃ ምን እንደሚያደርግ ግን በፊልም ሲነገር ብዙም አልሰማሁም።

ሌላው የዚህ ፊልም ጥንካሬ ዳኒ ነው። ዳን ዱርዬ የተጫወተው ይህ ሰው የገንዘቡ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ቤቷ ይመጣል፤ ይዝታል፤ በጥፊ ይመታታል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የምናየው ዳኒ መጠጥ የያዘ፣ ዓይኑ የሚንከራተት፣ እሷን የሚፈራ ሰው ነው። ክፉ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ከእሱ የሚብስ ሲገጥመው ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ ቀስ ብሎ ያሳየናል። ፊልሙ ወደ 100 ደቂቃ የሚጠጋ ስለሆነ «መሃሉ ላይ ይንዛዛል» የሚሉ አሉ። የባሏ እኅትና አንድ እንግዳ ሰው የሚያደርጉት ምርመራ እውነትም ያዘግመዋል። ለዳኒ ሲባል ግን ልትታገሡት ይገባል።

«ዲኮይ» 76 ደቂቃ ነው፤ አይንዛዛም። ስሙ ማጥመጃ ማለት ነው፤ ነገሩም ማጥመድ ነው። አንድ ሰው በነዳጅ ማደያ ቆሻሻ መታጠቢያ ላይ እጁን ሲታጠብ በተሰነጠቀ መስታወት ራሱን ያያል። ሐኪም ነበር። ቆስሏል፤ እንደ ሙት ይራመዳል። በመንገደኛ መኪና ሳን ፍራንሲስኮ ይደርስና ማርጎት ሼልቢ የተባለችውን ሴት ይተኩስባታል። ታሪኩን ማርጎት እየሞተች ለፖሊሱ ትነግረዋለች። ፍቅረኛዋ 400 ሺህ ዶላር ዘርፎ የት እንደቀበረ ሳይናገር በመርዝ ጋዝ ክፍል ሊገደል ተፈርዶበታል። ማርጎት ምን ታስባለች? ተገድሎ ሲወጣ ሬሳውን ሰርቆ ማስነሣት! ለዚህም ሐኪም ያስፈልጋታል።

ተመልካቾች በጣም የሚከራከሩት እዚህ ላይ ነው። የምትጠቀመው ሜቲሊን ብሉ የተባለ መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ በእውነቱ ዓለም አለ፤ በ1930ዎቹም ለሳያናይድ መመረዝ ተሞክሯል። የሞተን ሰው ግን አያስነሣም። «ይህን አይቼ ፊልሙን አቋረጥኩት» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው። ሐኪሙ ለድሆች ሠፈር የሚሠራ ደግ ሰው ነው። ማርጎት መስኮቱ ውጭ ያለውን ጎዳና እያሳየች የምትለውን ስሙ፦ ያ የሚሸት ጎዳና በዓለም ሁሉ ላይ የተዘረጋ ነው፤ እሷም የተወለደችው በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ በዚያው ጎዳና ላይ ነው፤ ያው ፋብሪካ፣ ያው ሕዝብ። ወደዚያ አልመለስም ትላለች። ሐኪሙን ያጠመደችው በውበቷ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን ሐኪሙ ያን ጎዳና በየቀኑ ስለሚያየው፣ ቃሏን ሊያስተባብል ስላልቻለ የወደቀ ይመስለኛል። ለሥራና ለተሻለ ኑሮ አገር የለቀቀ ሰው ያንን ንግግር ከሌላው ለየት አድርጎ እንደሚሰማው አምናለሁ።

ማርጎትን የተጫወተችው ለንደን የተወለደችው ጂን ጊሊ ናት። ዳይሬክተሩ ጃክ በርንሃርድ ባሏ ነበር። በ1949 በ33 ዓመቷ አረፈች። ይህን ፊልም ሳይ ሁልጊዜ ስንት ሥራ ሳትሠራ እንደቀረች አስባለሁ።

እንግዲህ ከሁለቱ የቱ? የሰው ልብ ሲበሰብስ ደረጃ በደረጃ ማየት ለምትፈልጉ ጄን ትሻላለች። ወደ ኋላ የማይመለስ፣ ምሕረት የሌለው፣ እንደ ተረት የሚሮጥ ታሪክ ለምትፈልጉ ማርጎት። በፊልም ውስጥ ከእውነት የራቀ ነገር ሲመጣ የምትናደዱ ከሆነ ግን «ዲኮይ»ን ተዉት።

«ገን ክሬዚ»፦ ሁለቱም ሲማለሉ

በ1950 የወጣው ይህ ፊልም በገንዘብ ረገድ ከ«ዲቱር» ሻል ይላል፤ ወጪው 400 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ርዝመቱ 87 ደቂቃ፣ ዳይሬክተሩ ጆሴፍ ሉዊስ። ባርት ከልጅነቱ ጀምሮ ሽጉጥ ይወዳል፤ ግን ነፍስ ማጥፋት አይችልም። ሎሪ በተዘዋዋሪ የትርኢት ድንኳን ውስጥ የተኩስ ጥበብ የምታሳይ ሴት ናት። መድረክ ላይ ሲወዳደሩ አንዱ በሌላው ራስ ላይ የተደረደረ ክብሪት እየተኮሰ ያበራል። ማማለል በዚህ ደንብ በጠበቀበት ዘመን እንዴት እንደሚታይ ለሚጠይቅ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም። ሁለቱም ፈገግ ይላሉ፤ ሁለቱም ዓይናቸውን አይነቅሉም።

«እሷ ናት ያበላሸችው» የሚሉ ተመልካቾች አሉ፤ በከፊል ልክ ናቸው፤ ዝርፊያውን የምትፈልገው እሷ ናት። ግን የባንክ ዝርፊያዋን ትዕይንት ተመልከቱ። ካሜራው ከመኪናው የኋላ ወንበር ሳይወርድ፣ ሳይቆረጥ፣ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ይቀረጻል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞንትሮዝ በምትባል ትንሽ ከተማ እውነተኛ ጎዳና ላይ ነው። መኪና ማቆሚያ ሲፈልጉ እኛም እንጨነቃለን። ባርት ወደ ባንኩ ይገባል። ፖሊስ ይመጣል። ሎሪ ወርዳ ስለ ሽጉጡ እያደነቀች ታዋራዋለች። ፊልሙ ውስጥ በግልጽ ሰውን ስታማልል የምናያት እዚህ ነው፤ ለባርት ስትል፣ ባርት እስኪወጣ። ከዚህም በኋላ ሌላ ቅጽበት አለ። ከትልቅ ዝርፊያ በኋላ ለመለያየት ተስማምተው በሁለት መኪና በሁለት አቅጣጫ ይነዳሉ። ጥቂት እንደሄዱ ሁለቱም መኪናቸውን ያዞራሉ። ማንም ማንንም አልጠራም።

ጽሑፉን ከሠሩት አንዱ ዶልተን ትራምቦ ነበር፤ በኮሚኒስትነት ተከስሶ ከሥራ በመታገዱ በሌላ ሰው ስም ነው የወጣው። ስለ ፍቅር እንጂ ስለ ክህደት ያልሆነ የኖይር ፊልም ለምትፈልጉ፣ በተለይም ከዚህ ዘር ፊልም አይታችሁ ለማታውቁ፣ መጀመር ያለባችሁ በዚህ ነው።

ቅጂውን ሳትመርጡ ፊልሙን አትፍረዱ

ይህን ነገር ከልቤ ነው የምለው። «ዲቱር»ን በመጀመሪያ ያየሁት ኢንተርኔት ላይ በነጻ በተጫነ ደብዛዛ ቅጂ ነበር። ያንን የኒው ዮርክ ጭጋግ የቅጂው ብልሽት መስሎኝ አልፌዋለሁ። የፊቶቹ ግማሽ አይታይም፤ ድምፁ ከጆንያ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ቆይቶ የታደሰውን ሳይ ጭጋጉ ከመብራቱ በታች ሲንቀሳቀስ አየሁት። አንድ ሰው አስቦ ያስቀመጠው ነገር ነበር።

እንዲህ ያለ ቅጂ የበዛበት ምክንያት አለው። በጊዜው በአሜሪካ ሕግ የፊልም ባለመብት ከ28 ዓመት በኋላ መብቱን ማደስ ነበረበት። ትንንሽ ድርጅቶች ፈረሱ፤ ያደሰ አልነበረም። «ዲቱር» እና «ቱ ሌት ፎር ቲርስ» በዚህ መንገድ የሕዝብ ንብረት ሆኑ፤ ማንም ከማንኛውም የተበላሸ ቅጂ እያባዛ አሰራጫቸው። ሁለቱም ግን በኋላ ጥሩ ሰው አግኝተዋል። «ዲቱር» በ2018 በአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ ቤተ መዛግብት አማካይነት ታድሷል፤ ዋናው ምንጭ ቤልጂየም ውስጥ የተገኘ ቅጂ ስለነበረ በላዩ የነበረው የትርጉም ጽሑፍ ከእያንዳንዱ ምስል ላይ ተለቅሞ ጠፍቷል። «ቱ ሌት ፎር ቲርስ»ን በ2014 ያደሱት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልም ቤተ መዛግብትና ለኖይር ፊልሞች የቆመ ፋውንዴሽን ናቸው። «ዲኮይ» በ2007 በዲቪዲ ወጥቷል።

ስለዚህ ቅጂ ስትመርጡ ርዕሱ አጠገብ ስለ መታደሱ የተጻፈ ነገር ፈልጉ። ከሌለ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ክፈቱና ጥቁሩን ቀለም እዩት፤ ጥቁር ከሆነ ቀጥሉ፤ ግራጫ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። በስልክ ከማየት በቴሌቪዥን ማየት ይሻላል፤ መብራት አጥፍታችሁ። የዘመኑ እንግሊዝኛ ፈጣን ስለሆነ የግርጌ ጽሑፍ ያለውን መምረጥ ነውር የለበትም፤ በተለይ ለቬራ፤ እሷ ቃል አታባክንም። በቀለም የተቀባ ቅጂ ካጋጠማችሁ ግን እባካችሁ እለፉት። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት በጥላ ነው።

ከማን ጋር፣ መቼ

ከሥራ ደክሟችሁ ከገባችሁና አንድ ሰዓት ብቻ ካላችሁ «ዲቱር»። ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ከሆነ «ቱ ሌት ፎር ቲርስ»፤ ስለ ገንዘብ የሚነሣው ወሬ ከፊልሙ ሊረዝም እንደሚችል አስቀድሜ ልንገራችሁ። ብዙ ሆናችሁ፣ እየጮኻችሁ ለመከራከር «ዲኮይ»። ፊልሞቹ ደም አያሳዩም፤ ነገር ግን በአራቱም ውስጥ ያለው ጭካኔ የልብ ስለሆነ ለሕፃናት አይመከሩም።

እህቴ እስካሁን ሦስቱን አይታለች። በጄን አዘነች፤ በማርጎት አላዘነችም፤ ስለ ቬራ አሁንም ትከራከረኛለች፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ደውላ «ያን ጭረት አስበው» አለችኝ። ለመጪው ቅዳሜ «ገን ክሬዚ»ን አዘጋጅቻለሁ። ሁለቱ መኪናዎች ሲዞሩ እኔ ስክሪኑን አላይም፤ የእሷን ፊት ነው የማየው።